አየርን መቃኘት

አጎትየው ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ሬዲዮ ሲጠግኑ አሳልፈው ዛሬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ማሲንቆ ይሞካክራሉ። የእህታቸው ልጅ ቫዮሊን ተምራ ወደ ቴሬሚን የዞረች ሙዚቀኛ ናት። ቴሬሚን ሳይነኩት የሚጫወቱት የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ ነው፦ አንድ ሳጥን፣ በቀኝ በኩል ቀጥ ብላ የቆመች ዘንግ፣ በግራ በኩል የተጋደመች የሽቦ ቀለበት። አጎትየው መሣሪያውን ከተገጣጣሚ ዕቃ ራሳቸው በይደው ሠርተውታል። የቀራቸው መጫወቱ ነው።

አጎት፦ ብየዳው ልክ ነው፣ ቮልቴጁ ልክ ነው፣ እጄን ሳቀርብ ይጮኻል። እንግዲህ የእኔ ሥራ አለቀ። ዜማውን አንቺ አምጪ።

ልጅት፦ ዜማው ገና ነው ጋሼ። መጀመሪያ እርስዎ ያስረዱኝ። እኔ እጄን የት እንደማደርግ አውቃለሁ እንጂ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚሆን በወጉ የነገረኝ ሰው የለም።

አጎት፦ ይሄማ የድሮ ጓደኛዬ ነው። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ስንፈልግ የሚያስቸግረን ፉጨት ነበር። አንቺ አልደረስሽበትም። ሁለት ጣቢያዎች ተጠጋግተው ሲያሰራጩ ከንግግሩ በላይ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ፉጨቱን አንዳቸውም አላሰራጩትም፤ የሁለቱ ሞገዶች ልዩነት ነው። ሰው ግን ሬዲዮው የተበላሸ ይመስለውና ተሸክሞ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ቴሬሚን ያንን ፉጨት ሆን ብሎ የሚሠራ ዕቃ ነው። ውስጡ ሁለት ሞገድ አመንጪዎች አሉ። አንደኛው ከቦታው አይነቃነቅም፤ በሰከንድ 300,000 ጊዜ ይርገበገባል እንበል። ሁለተኛው ከዚህች ከቆመችው አንቴና ጋር ተያይዟል። እጄን ሳስጠጋ እጄና አንቴናዋ ኮንደንሰር ይሆናሉ፣ በመካከላቸው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሙል ያከማቻሉ፤ በዚህ ምክንያት የሁለተኛው እርግብግቢት ትንሽ ይወርዳል፣ 299,560 ይሆናል እንበል። ሁለቱንም የሰው ጆሮ አይሰማቸውም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን 440 ነው። የምንሰማው እሱን ነው።

ልጅት፦ 440 ላ ናት። ኦርኬስትራ የሚቃኝባት ኖታ።

አጎት፦ አየሽ! እጄን ይበልጥ ባቀርብ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ድምፁም ይቀጥናል። የሚገርመው የእጄ ድርሻ ማነሱ ነው። ፒኮፋራድ የምንለው ደቃቅ የኮንደንሰር መለኪያ ነው፤ ከአንዱ ያነሰ ለውጥ ዜማ ይሆናል። እኔ ሱቅ ውስጥ እጅ ሲጠጋው ጣቢያው የሚሸሽ ሬዲዮ ሲመጣልኝ ሥራዬ ያንን ጠባይ ማጥፋት ነበር።

ልጅት፦ የፈለሰፈውም ሰው ያገኘው እንዲህ በመሰለ አጋጣሚ ነው። ሌቭ ቴርመን ይባላል፤ በምዕራቡ ዓለም ሊዮን ቴሬሚን ነው የሚሉት። በፈረንጆቹ 1920 አካባቢ ፔትሮግራድ ውስጥ፣ በፊዚክስ ሊቁ በአብራም ዮፌ ተቋም፣ የጋዞችን ጠባይ የሚለካ መሣሪያ ሲሠራ በማዳመጫው የሚሰማው ፉጨት እጁን ተከትሎ ከፍ ዝቅ ሲል አስተዋለ። ሌላ መሐንዲስ ቢሆን እንደ እርስዎ ያጠፋው ነበር። ቴርመን ግን ቼሎ የተማረ ሰው ነው፤ ዜማ አወጣበት። በ1922 ለሌኒን ሊያሳይ ክሬምሊን ገባ። ራሱ ኋላ እንዳወጋው ሌኒን ተነሥቶ ሞከረው፤ መጀመሪያ ቴርመን እጁን ይዞ እየመራው፣ ቀጥሎ ብቻውን የግሊንካን ‹‹ቆቢት›› ተጫወተ።

አጎት፦ ሌኒን ከቻለ እኔ ምን ያቅተኛል?

ልጅት፦ ያወራው ቴርመን ነው ጋሼ፤ አለቃውን ‹‹አልቻለም›› ይላል ብለው ነው? ይልቅ ከዚያ የበለጠ ማታለያ አለ። ቴርመን በ1927 መጨረሻ ኒው ዮርክ ገባ፤ በ1928 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በ1929 አርሲኤ የሚባለው ትልቁ የሬዲዮ ኩባንያ 500 ያህል ቴሬሚኖች ሠርቶ ገበያ አወጣ። ማስታወቂያው ምን አለ መሰለዎት? ማንጎራጎር ወይም ማፏጨት የቻለ ሁሉ ይጫወተዋል።

አጎት፦ ዋጋውስ?

ልጅት፦ ያለ ቫልቭና ያለ ስፒከር 175 ዶላር። በዚያው መኸር የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ሰው ግን የተወው በዋጋው ብቻ አይመስለኝም። ገዝቶ ቤቱ ወስዶ ሞክሮታል።

አጎት፦ እንደ እኔ ጩኸት ብቻ አግኝቶበታል በይኛ።

ልጅት፦ ወጥመዱ እሱ ነው። ቫዮሊን የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ቀን ደህና ድምፅ አያወጣም፤ ስለዚህ ከባድ መሆኑን ከጠዋቱ ያውቃል። ቴሬሚን ግን በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያምር፣ የሰው ድምፅ የሚመስል ነገር ያሰማል። ሰው ችሎታው ግማሽ መንገድ የተጓዘ ይመስለዋል። ገና አልጀመረም። ድምፁን የሠራው ኤሌክትሪኩ ነው፤ ሙዚቃው ኖታውን ቦታው ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ቦታ ደግሞ የለም።

አጎት፦ ቦታ የለም ስትይ?

ልጅት፦ ፒያኖ ላይ ኖታው ቁልፍ አለው። ጊታር ላይ ብረት ተሰንቅሯል። ቫዮሊን ላይ ብረቱ ባይኖርም ክሩ አለ፤ ጣቴ ያውቀዋል፣ እንጨቱም ይገፋኛል። ቴሬሚን ላይ የሚገፋኝ ነገር የለም። ከላ ግማሽ ጣት ብስት የሚነግረኝ ጆሮዬ ብቻ ነው፤ እሱም የሚነግረኝ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

አጎት፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ማሲንቆም ቦታ የለውም። የማሲንቆ ጭራ ከእንጨቱ ርቆ ነው የተወጠረው፤ ጣታችን ጭራውን አየር ላይ ይነካዋል እንጂ ወደ እንጨቱ አይጫነውም። ምልክት የለም፣ ብረት የለም። አዝማሪው ወደ ጣቱ አያይም፤ የሚያየው ሙገሳ የሚጨምርለትን ሰው ነው።

ልጅት፦ ልክ ነዎት፤ እኔ ለቫዮሊን ተማሪዎች ከምነግረው ይልቅ ለእርስዎ የምነግረው የሚቀለው በዚህ ነው። ግን ልዩነቱን ይዩልኝ። አንደኛ፣ የማሲንቆው ጭራ ሁልጊዜ ከእጅዎ ጋር ነው፤ ቴሬሚን ግን ዛሬ ላ ያለችበት ቦታ ነገ ላትገኝ ትችላለች። ክፍሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ እርስዎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ፣ መቃኛውን ቁልፍ ትንሽ ሲነኩት ሜዳው በሙሉ ይዘረጋል ወይም ይሰበሰባል። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ማሲንቆ ላይ ጣትዎን ሲያነሡ ምን ይሰማል?

አጎት፦ ክፍቱ ጭራ። ቤቱ እሱ ነው። የትም ብሄድ ተመልሼ የማርፈው እዚያ ነው።

ልጅት፦ ቴሬሚን ክፍት ጭራ የለውም። እጅዎን ሲያርቁ የሚያገኙት ቤት ሳይሆን ዝምታ ነው። ጀማሪው የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ከየት እንደተነሣ የሚያስታውሰው ነገር የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ለመሣሪያው ክፍት ጭራ ማበደር ነው። ያንን ኪቦርድ ይክፈቱት፤ ዶን ይጫኑና ሳይቋረጥ እንዲቆይ ያድርጉት። ስልክዎም ላይ ይህን የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ድምፁ ከጀርባ ይቆያል፣ እርስዎ ቴሬሚኑን ወደ እሱ ያመጡታል። ሌላ ምንም አይጫወቱም።

አጎት፦ አንድ ኖታ ብቻ?

ልጅት፦ አንድ ኖታ ብቻ። ይሞክሩት... እዚያ ጋ ቀርበዋል። ምን ይሰማዎታል?

አጎት፦ ይንቀጠቀጣል። ዋው ዋው ዋው ይላል።

ልጅት፦ ቀስ ብለው ወደ ኋላ። ምን ሆነ?

አጎት፦ መወዛወዙ ዘገየ... ቆመ። ይሄማ... አንቺ ልጅ! ይሄ እኮ ያው የሳጥኑ ሥራ ነው። ሁለት ድምፆች ተቀራረቡ፣ ልዩነታቸው ተሰማ፣ ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ጸጥ አለ። ሳጥኑ በ300,000 ላይ የሚያደርገውን እኔ በጆሮዬ አደረግሁት።

ልጅት፦ እኔ ይህን መወዛወዝ ለዓመታት ስጠቀምበት ከሳጥኑ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ተማሪ ሁሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ቢሆን ጥሩ ነበር። እንግዲህ ተግባሩ ይኸው ነው፦ መወዛወዙ እስኪቆም እጅዎን ያንቀሳቅሱ፣ ሲቆም እጅዎም ይቁም። ከዚያ እጅዎን አውርደው እንደገና ይምጡ። ሦስት ኖታ ከመፈለግዎ በፊት አንዷን ከዝምታ ተነሥቶ ማግኘት ይልመዱ።

አጎት፦ መቆሙ ነው የሚያስቸግረኝ። እጄ ቆሟል፣ ድምፁ ግን ይሸሻል።

ልጅት፦ እጅዎ ቆሟል፤ እርስዎ ግን አልቆሙም። አንቴናዋ የምታየው እጅዎን ብቻ አይደለም፤ ሰውነትዎን በሙሉ ነው። ጭንቅላትዎን ሲያወዛውዙ፣ ወደ አንድ እግር ሲያዘነብሉ፣ ደረትዎ ትንፋሽ ሲሞላ ድምፁ ይለወጣል። እኔ አሁን ከበስተቀኝዎ ሁለት እርምጃ ብጠጋ ይስሙ... ተለወጠ። ስለዚህ እግርዎን ከፈት አድርገው በሁለቱም እኩል ይቁሙ፤ ክርንዎን ወደ ጎንዎ ይሰብስቡት፤ መሣሪያው ከግድግዳ፣ ከብረት ጠረጴዛና ከሰው ራቅ ይበል። ስፒከሩን ከጀርባዎ፣ ከጆሮዎ አጠገብ ያድርጉት። ሙዚቃ ሲሰማ እስክስታ የሚወርድ ሕዝብ ልጅ ሆኖ ይህን መሣሪያ መምረጥ ትንሽ ድፍረት ነው።

አጎት፦ ትከሻዬን እሰረው በይኛ! ኧርዙንስ፣ ወደ መሬት የሚሄደውን ሽቦ፣ ረሳሽው? ኧርዝ ከሌለ እኮ ያ ሁሉ ነገር ይበጠበጣል። እጄ ኮንደንሰር የሚሆነው ሰውነቴና የመሣሪያው መሬት እስከተስማሙ ድረስ ነው። ሁለት እግር ብቻ ባለው ሶኬት ሰክቶ ‹‹አልቃኝ አለኝ›› የሚል ሰው ስንፍናው የእጁ ሳይሆን የሶኬቱ ነው። አገር ቤት ኧርዝ የሌለው ሶኬት ብዙ ስለሆነ ለእዚያ ጀማሪ ይሄ ከዜማው ይቀድማል።

ልጅት፦ ይህንን ልጻፈው። ለመቃኘትም ቅደም ተከተል አለው። ከፍተው ትንሽ ያቆዩት፤ ሳይሞቅ የተቃኘ ቴሬሚን ከደቂቃዎች በኋላ ሌላ ነው። ከዚያ በሚጫወቱበት ቦታ ይቁሙ፣ ቀኝ እጅዎን ወደ ትከሻዎ ይመልሱ፣ ድምፁ ወፍሮ ወፍሮ እዚያ ጋ እስኪጠፋ ቁልፉን ያዙሩ። በትከሻዎና በአንቴናዋ መካከል ያለው አየር የእርስዎ ማሲንቆ ሆነ ማለት ነው።

አጎት፦ ወደ አንቴናዋ ስቀርብ ኖታዎቹ ይጣበባሉ። ማሲንቆም ወደ ታች ስንወርድ እንደዚያው ነው። እሱ አይከብደኝም። ግራ እጄ ነው ሥራ ፈት የሆነው።

ልጅት፦ ሥራ ፈት አይደለም፤ እርስዎ አልቀጠሩትም። ቀለበቷ የድምፁን መጠን ነው የምትይዘው። እጅ ሲቀርባት ድምፁ ይጠፋል፣ ሲነሣ ይጎላል። ጀማሪ ሁሉ ግራ እጁን አየር ላይ ሰቅሎ ይረሳውና ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ መንገዱ በሙሉ ይሰማል። የአምቡላንስ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቴሬሚን ሁለት ኖታ በአንድ ጊዜ አያወጣም፣ በኖታዎቹ መካከልም አይዘልም፤ ሁልጊዜ ይንሸራተታል። መንሸራተቱን የሚሸፍነው ግራ እጅ ነው፦ ቀኙ ሲጓዝ ግራው ትንሽ ዝቅ፣ ቀኙ ሲደርስ ግራው ከፍ። እንደ ደጋን ያስቡት።

አጎት፦ መንሸራተቱን ሁልጊዜ መሸፈን ግን ምን ይባላል? የእኛ ዘፋኝ ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ እኮ መንገዱን ያሳያል። ትዝታ ውስጥ የሚያስለቅሰው መንገዱ ነው።

ልጅት፦ ተስማምቻለሁ፤ ግን መርጠው ሲያሳዩትና መደበቅ አቅቶዎት ሲታይ አንድ አይደለም። አዝማሪ ሲንሸራተት የት እንደሚያርፍ ያውቃል። መደበቁን ይልመዱ፣ ከዚያ ሲፈልጉ ይግለጡት። ስለ ቪብራቶም ይኸው ነው። እጅን ማርገብገብ ለድምፁ ሕይወት ይሰጠዋል፤ ግን የሳተች ኖታንም ይሸፍናል። እጁን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚያንቀጠቅጥ ተማሪ ጆሮው አያድግም።

አጎት፦ የቀኝ እጄ ጣቶችስ? አንቺ ስትጫወቺ ጣቶችሽ እንደ ሸረሪት ይከፈታሉ ይዘጋሉ፤ እኔ ክንዴን ነው የማንቀሳቅሰው።

ልጅት፦ የዚያ የጣት አከፋፈት ባለቤት ክላራ ሮክሞር ናት። በ1911 ቪልኒየስ ተወለደች፤ የቫዮሊን ተአምር ነበረች፤ በ4 ዓመቷ የፒተርስበርግ ኮንሰርቫቶሪ ተቀብሏታል፤ የታላቁ የሌዮፖልድ አውዌር ተማሪ ሆነች። አሜሪካ ከገባች በኋላ እጇ ታመመና ቫዮሊኑን መያዝ አቃታት። ከልጅነቷ የምግብ እጦት ጋር ያያይዙታል። የቫዮሊን ጆሮ አላት፣ የቫዮሊን እጅ የላትም። ያን ጊዜ ቴሬሚን መጣላት። ቴርመን የድምፅ ስፋቱ ሦስት ኦክታቭ፣ ማለትም ሦስት ጊዜ ከዶ እስከ ዶ፣ የነበረውን ወደ አምስት አስፍቶ፣ የግራ እጁን መልስ አፍጥኖ ለእሷ የተለየ መሣሪያ ሠራላት፤ ምክንያቱም ጉድለቱን አንድ በአንድ የምትነግረው እሷ ነበረች። ክንዷን አታወናጭፍም፤ አውራ ጣቷንና ጠቋሚዋን አገናኝታ ትጀምራለች፣ ጣቶቿን ወደ አንቴናዋ በመክፈት ቀጣዮቹን ኖታዎች ታገኛለች። እጅ ተዘግቶ አንድ ኖታ፣ ተከፍቶ ኦክታቩ። ኋላ ጀርመናዊቷ ካሮሊና አይክ ይህንን በሥርዓት አስፍታ በ2006 መጽሐፍ አወጣችበት።

አጎት፦ የክላራን ድምፅ መስማት ይቻላል?

ልጅት፦ በ1977 የወጣ አልበም አላት፤ ሮበርት ሙግ ያዘጋጀላት ነው፤ ፒያኖ የምትመታላት እህቷ ናዲያ ራይዘንበርግ ናት። ሙግ የሲንተሳይዘሩ ሙግ ነው። እሱም በልጅነቱ ሥራ የጀመረው ቴሬሚን በመበየድ ነው፤ እንደ እርስዎ።

አጎት፦ እኔ በ70 ዓመቴ፣ እሱ በልጅነቱ። ቴርመንስ ምን ሆነ?

ልጅት፦ በ1938 ወደ ሶቪየት ኅብረት ተመለሰ፤ በ1939 ታሰረ፤ ወደ ኮሊማ የግዞት ካምፕ ተላከ፤ ከዚያ እስረኛ ሳይንቲስቶች ለመንግሥት የሚሠሩበት ቤት ገባ። በ1945 የሶቪየት ተማሪዎች ለአሜሪካ አምባሳደር በስጦታ ያበረከቱት ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ማኅተም ነበር፤ ውስጡ የሚሰልል ዕቃ ተደብቆበታል። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው። እስከ 1952 ድረስ አልተነቃበትም። የሠራው ቴርመን ነው።

አጎት፦ ከውጭ ሞገድ ሲላክበት ብቻ የሚነቃ! ይሄንን ሰው ባገኘው ኖሮ... በይ ተይው፣ ከሙዚቃው አስወጣሽኝ።

ልጅት፦ እርስዎ ነዎት የጠየቁት! በ1993 ሞስኮ ሞተ፣ በ97 ዓመቱ። ከመሞቱ በፊት ዘመዱን ሊዲያ ካቪናን ከ9 ዓመቷ ጀምሮ አስተምሯል። ዛሬ በዓለም ካሉት ብርቱ ተጫዋቾች አንዷ እሷ ናት።

አጎት፦ እኔ ግን ቴሬሚንን የማውቀው በፊልም ነው። ጭራቅ ሲመጣ የሚጮኸው።

ልጅት፦ የሆሊውድ ጥፋት ነው። በ1945 ሚክሎሽ ሮዛ ለሂችኮክ ፊልም ለአእምሮ ሕመም ተጠቀመበት፣ በ1951 በርናርድ ኸርማን ከሰማይ ለመጣ እንግዳ ሁለት ቴሬሚን አሰለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የመናፍስት ሆኖ ቀረ። ጀማሪም ሳያውቀው ያንን ድምፅ ያሳድዳል፤ ምክንያቱም እየሳቱም ማስፈራራት ይቻላል፣ ሳይስቱ ማዜም ግን ሥራ ይፈልጋል።

አጎት፦ አሁን ወደ ክርክራችን። ጓደኛዬ አንድ ዲጂታል ቴሬሚን ገዝቷል። ቅኝቱን ይመርጥለታል፤ እጁ ሲስት መሣሪያው ራሱ ወደ ቅርቡ ኖታ ይስብለታል። ከእኔ ጋር በአንድ ሰሞን ጀምሮ እሱ የልደት መዝሙር ይጫወታል፣ እኔ ዋው ዋው ላይ ነኝ። የእሱ አይሻልም?

ልጅት፦ አይሻልም።

አጎት፦ ምክንያት አለሽ ወይስ ቅናት ነው?

ልጅት፦ ማስተካከያው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት መንሸራተቱ ደረጃ ይሆናል፣ ቪብራቶው ይሞታል። ያ ባይሆን እንኳ፣ ይህ መሣሪያ የሚያስተምረው አንድ ነገር ቢኖር የድምፅን ልክ በጆሮ መጠበቅ ነው፤ ጓደኛዎ ደግሞ ያንን ሥራ ለሳጥኑ ሰጥቶታል። ስህተቱን አይሰማም፤ ስለዚህ አያርመውም።

አጎት፦ እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እሱ በየቀኑ ይጫወታል፤ ምክንያቱም ደስ ይለዋል። ያንቺን ትምህርት የጀመረ ሰው ግን ባለቤቱ ‹‹ያንን ነገር አጥፋልኝ›› ስትለው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ጆሮው የሚያድገው ከቆየ ነው። ጡረተኛ ሰው ደግሞ እንደ ቪልኒየስ ልጅ ዘመን የለውም።

ልጅት፦ ... እሱ እውነት ነው። እሺ፣ ማስተካከያው የሚቀነስ ከሆነ፣ ትንሽ ከፍተው ይጀምሩና በየጊዜው ይቀንሱት። ሙሉ በሙሉ ዘግተው የሚሠሩበት ሰዓት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኑር። ከዚህ በላይ አልወርድልዎትም።

አጎት፦ ግማሽ መንገድ መጣሽ፤ ይበቃኛል። አሁን ከዶ ቀጥሎ ምን ልያዝ? ሙሉውን ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል?

ልጅት፦ ለእርስዎ ትዝታ ይሻላል፤ ይህን ለፈረንጅ ተማሪ አልለውም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አምስት ብቻ ናቸው፤ ግማሽ ድምፅ የሚባለው ጠባቡ እርምጃ የለባቸውም። ጀማሪን የሚገድለው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ጆሮዎ ስልሳ ዓመት የሰማው ነው። አንዷ ብትስት ሳልነግርዎ ያውቃሉ። ዶ ከኪቦርዱ ይቆይ፤ እርስዎ ዶን ያግኙ፣ ጣትዎን ከፍተው ሬን፣ ወደ ዶ ተመልሰው ሚን። ከሚ ወደ ሶል ሰፋ ያለ እርምጃ ነው፤ እዚያ ግራ እጅዎ ዝቅ ይበል። አንቺሆዬን ገና አይንኩት፤ የእሱ ጠባብ እርምጃዎች ይቆዩ።

አጎት፦ ማሲንቆ ስማር የነገሩኝ ነገር ነበር፦ በመጀመሪያ ዝፈነው፣ ማሲንቆው ተከትሎህ ይምጣ። እዚህ ይሠራል?

ልጅት፦ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ቀጣዩን ኖታ እጅዎ ከመነሣቱ በፊት በጉሮሮዎ ይያዙት። ቫዮሊን ላይ ጣቴ ቀድሞ ጆሮዬ ሊከተል ይችላል፤ እዚህ ያ አይሠራም። ወደማያውቁት ቦታ እጅ መላክ አይቻልም። ‹‹ማንጎራጎር የቻለ›› ያለው ማስታወቂያ በዚህ በኩል ልክ ነበረ፤ የዋሸው ‹‹ሁሉ›› ያለው ላይ ነው።

አጎት፦ የቃኚውን መብራት እያየሁ ብሠራስ? አረንጓዴ ሲበራ ልክ ነኝ ማለት ነው።

ልጅት፦ ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ ይዩት፣ ከዚያ ፊቱን ያዙሩት። ዓይን ከገባበት ጆሮ ሥራ ያቆማል።

አጎት፦ እንግዲያው እንዲህ ሊጀምር ለሚያስብ ሰው ምን ትያለሽ? እኔ በዕቃው በኩል የምለው አለኝ፦ ሁለት አንቴና ያለው ይግዛ፤ አንድ አንቴና ብቻ ያለው መጫወቻ የድምፁን መጠን አይዝለትም፣ ግራ እጁ አይማርም። መበየድ የሚያውቅ ከሆነ ተገጣጣሚውን ይግዛ፣ ይረክሳል። ኧርዝ ያለው ሶኬት ይፈልግ።

ልጅት፦ እኔ ደግሞ ከመግዛቱ በፊት አንድ ፈተና ይፈትን እላለሁ። ከሚያውቀው ዘፈን አንዱን ያለ ምንም መሣሪያ ያንጎራጉር፤ በመጨረሻው ላይ የጀመረበትን ኖታ በኪቦርድ ያረጋግጥ። ከተነሣበት ቅኝት ሳይወጣ ከደረሰ ቴሬሚን ይግዛ። ካልደረሰ ገንዘቡን ያስቀምጥና በመጀመሪያ መዝፈን ይማር፤ እሱ ነፃ ነው።

አጎት፦ ጨከንሽ።

ልጅት፦ አልጨከንኩም። መሣሪያው ብዙ ዶላር የሚጠይቅ አለ፤ ጉሮሮ ግን ሁሉም ሰው ቤት አለ።